ምሽጓን ለቃ የወጣችው ንግሥት

የካቲት 23 ሲደርስ ስልኬ ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ የእናንተም ላይ እንደዛው ነው። ጠዋት ጎራዴ፣ ጋሻ፣ የአንበሳ ጎፈርና ባንዲራ። ቀትር ላይ "ምኒልክ ባይኖር ኖሮ" የሚል ይመጣል። አመሻሽ ላይ ደግሞ "ምኒልክማ እኛን" የሚለው ይከተላል። እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ከሰው ተበላክቶ ይተኛል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ሥራው።

እኔም ከፖስት አድራጊዎቹ አንዱ ነበርኩ። አንድ ዓመት ግን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በዛ ቀን ሁሌም ዝም እንደሚል አስተዋልኩ። በሌላው ጉዳይ ሁሉ አፍ የማያስከፍት ሰው ነው። ምሳ ላይ እየቀለድኩ "አንተ ደግሞ አድዋ አይመለከትህም እንዴ?" አልኩት። "ይመለከተኛል እንጂ" አለ፣ እንጀራውን እየቆረሰ። "የአያቴ አባት እዛ ነበር። በጣሊያን በኩል።"

አስካሪ ነበር ማለት ነው፤ ጣሊያን ከዚሁ ከኛው አገር መልምሎ መሣሪያ ካስታጠቃቸው አንዱ። ሌላ ምንም አላለም። እኔም ምን እንደሚባል ጠፋኝና ስለ ወጡ አወራሁ።

በዛው ሰሞን ነው ሜድ ሆንዶ የሠራውን "ሳራውኒያ" የተባለውን ፊልም ያየሁት። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈውም ፊልሙ ያን ምሳ ስላስታወሰኝ ነው። ስለ ወራሪና ስለ ንጉሥ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ "የወራሪው ጠመንጃ በማን ትከሻ ላይ ነበር?" ብሎ ይሄን ያህል አጥብቆ የጠየቀ አላየሁም።

ፊልሙ የወጣው በ1986 ነው። (ከየካቲት 23 በቀር እዚህ ያለው ዓመትና ቀን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) መነሻው የኒጀሩ ደራሲ አብዱላዬ ማማኒ በ1980 ያሳተመው ልቦለድ ሲሆን፣ ማማኒ ራሱ ስክሪፕቱ ላይ ሠርቷል። "ሳራውኒያ" በሐውሳ ቋንቋ ንግሥት ማለት ነው፤ የማዕረግ ስም። ፊልሙም የሚጠራት በዚሁ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1899 መጀመሪያ ላይ ፖል ቩሌና ዡልየን ሻኗን የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ጦር እየመሩ ወደ ቻድ ሐይቅ ያቀናሉ። ዓላማው በምዕራብ አፍሪካ በፈረንሳይ የተያዙትን አገሮች ማያያዝ ነው። ስንቅ ያልሰጠ መንደር ይቃጠላል። የሰጠም አንዳንዴ ይቃጠላል። አብዛኛው የአካባቢ ገዢ ወይ ሸሽቷል፣ ወይ እጅ ነስቷል፣ ወይ "እንዳይነኩኝ ብቻ" ብሎ መንገድ አሳይቷል። ሉጉ በምትባል ቦታ ያለች የአዝና ሕዝብ ንግሥት ግን "አታልፉም" ትላለች። በሚያዝያ 1899 ውጊያ ይሆናል።

ውጊያውን በእኛ ቋንቋ "አሸነፈች" ለማለት ያስቸግራል። መድፍ ነው የመጣባት። ሕዝቧን ይዛ ምሽጉን ለቃ ጫካ ትገባለች፤ ፈረንሳዮቹ ባዶ ግንብ ይይዛሉ። ከዛ ሌሊት ሌሊት ከጫካ እየወጡ እንቅልፍ ይነሷቸዋል። ጦሩ ተዳክሞ፣ በጠንቋይነቷ ዝና ፈርቶ፣ እርስ በርሱ እየተጠራጠረ መንገዱን ይቀጥላል።

ለአድዋ ልጅ ይሄ መጀመሪያ ላይ ቅር ያሰኛል። እኔንም ቅር አሰኝቶኛል። እኛ የለመድነው ጠላት ሲበተን፣ መድፉ ሲማረክ፣ ጄኔራሉ ሲወድቅ ነው። እዚህ ግን ንግሥቲቱ የራሷን በር ከፍታ ትወጣለች። ሆኖም ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ሳየው የገባኝ ነገር አለ። የሜድ ሆንዶ ጥያቄ "ማን አሸነፈ?" አይደለም። "አንድ ሰው እምቢ ሲል ዙሪያው ያለው ሰው ምን ይሆናል?" ነው።

ለዚህ ነው ካሜራው ከሳራውኒያ ይልቅ በወራሪው ጦር ላይ ረዥም ጊዜ የሚቆየው። ብዙ ሰው ፊልሙን የሚነቅፈው በዚህ ነው፤ "ስሟን ሰጥቶት እሷን ረሳት" ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ለረዥም ደቂቃዎች አናያትም። ግን በእሷ ፋንታ የምናየውን ልብ በሉ። ስክሪኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞላ ሰልፍ ነው። በጣት የሚቆጠሩ ፈረንሳዮች አሉ፣ በፈረስና በጥላ። ከኋላቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ወታደሮች አሉ፤ ፈረንሳዮቹ ቲራየር የሚሏቸው። ከእነሱ ኋላ ዕቃ የተሸከሙ፣ አንገታቸው የታሰረ፣ ከተቃጠለ መንደር የተነዱ ሰዎች አሉ። ሴቶቹ ለወታደሩ ደሞዝ ናቸው። ይሄ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ ለጉዞው የተመደበው ገንዘብ ስለማይበቃ፣ ለወታደሮቹ ቃል የተገባላቸው ከዘረፋና ከምርኮ ነበር።

አንድን መንደር ሲያጠፉ ካሜራው ከርቀት ነው የሚያየው። ሙዚቃ አጯጩሆ "አልቅሱ" አይለንም። የጋቦኑ ፒየር አኬንዴንጌ የሠራው ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሰው ሲኖር እንጂ ሲሞት አይደለም። ግድያው እንደ ተራ የሥራ ቀን ያልፋል። ትእዛዝ፣ ተኩስ፣ እሳት፣ ምሳ። እኔን ያስደነገጠኝ ደሙ አልነበረም፤ ምሳው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዳይሬክተሩ ትንሽ ላውራ፤ ፊልሙ ለምን እንዲህ እንደሆነ ከሕይወቱ ይገባናል። ሜድ ሆንዶ ሞሪታኒያዊ ነው። ወጣት ሆኖ ፈረንሳይ ሄደ፤ ወጥ ቤት ሠራ፣ ወደብ ላይ ሸክም ተሸከመ፣ ከዛ ቲያትር ገባ። ፊልሞቹ ገንዘብ አላመጡለትም። እንጀራው የነበረው ድምፁ ነው። የሆሊውድ ፊልም ወደ ፈረንሳይኛ ሲመለስ የኤዲ መርፊ ድምፅ እሱ ነበር፤ በ"ሽሬክ" ውስጥ ያለው አህያ ፈረንሳይ ውስጥ የሚያወራው በሜድ ሆንዶ አንደበት ነው። አስቡት፤ ቀን ቀን የሰው አገር ቀልድ በድምፁ እየሸጠ፣ በዛ ገንዘብ አፍሪካውያን በራሳቸው ቋንቋ የሚናገሩበትን ፊልም ይሠራል። በ"ሳራውኒያ" ውስጥ ፈረንሳዊው ፈረንሳይኛ ያወራል፣ አፍሪካዊው የአፍሪካ ቋንቋ። በ2019 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ፊልሙ ሊቀረጽ የታሰበው ኒጀር ውስጥ፣ ታሪኩ በተፈጸመበት ነበር። የኒጀር መንግሥት መጀመሪያ እሺ ካለ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። በሩን የከፈተችለት የቶማስ ሳንካራዋ ቡርኪና ፋሶ ናት። ሳራውኒያን የተጫወተችው አይ ኬይታም የዛው አገር ልጅ ናት። አንድ የሚገርም ነገር ደግሞ አለ። በ1896 መስከረም ዋጋዱጉ ገብቶ የሞሲን መንግሥት ለፈረንሳይ የያዘው ይኸው ቩሌ ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት 1 ቀን አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር ተሰብሯል፤ ከስድስት ወር በኋላ ዋጋዱጉ ወደቀች። ስለዚህ እነዛ ተራ ሰዎች አልባሳት ለብሰው ካሜራ ፊት ሲሮጡ፣ የሚሮጡት የራሳቸውን አያቶች መንደር ካቃጠለው ሰው ነው። ሰልፉ ተዋናዮች የሚተውኑት የማይመስለኝ በዚህ ይሆናል።

በ1987 ፊልሙ በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን ፈረስ፣ አገኘ። የኔንጋ በሞሲ ታሪክ በፈረስ የምትዋጋ ልዕልት ናት፤ ጦረኛዋን ንግሥት የሸለማት የጦረኛዋ ልዕልት ፈረስ መሆኑ ደስ ይላል። በዛው ዓመት ጥቅምት ሳንካራ ተገደለ። ፓሪስ ላይ ደግሞ ፊልሙ ብዙ ሳይቆይ ከሲኒማ ቤቶች ወረደ፤ ሜድ ሆንዶና ወዳጆቹ ጮኸው ተቃወሙ፣ አልተመለሰም። ይኸው ሽልማት በ2009 የኃይሌ ገሪማን "ጤዛ" መረጠ፤ በዚህ በኩል ፊልሙ የኛም ዘመድ ነው።

አሁን ድክመቱን ልናገር፤ አለው። ሳራውኒያ ብዙ ጊዜ ንግግር ታደርጋለች። ሕዝቧን ሰብስባ ስትናገር ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ሰው ሁሉ በየእምነቱ ይኑር፣ ማንም ባሪያ አይሁን የሚል። ግን የምታወራው ለፊቷ ሰው ሳይሆን ለእኛ ነው። አይ ኬይታ ዝም ስትል ንግሥት ናት፤ ስትናገር ሐውልት ትሆናለች። ቩሌና ሻኗን ደግሞ ይጮኻሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያብዳሉ። ዣን ሮዤ ሚሎ ቩሌን ሲጫወተው አንዳንዴ ከልክ አልፎ ቲያትር ይመስላል። "እብድ ስለነበረ ነው እንጂ ቅኝ ግዛት እንዲህ አይደለም" ለሚል ሰው ምክንያት ይሰጠዋል።

በዚህ ላይ ግን ታሪኩ ራሱ ለፊልሙ ይከራከርለታል። የጦሩ ወሬ ፓሪስ ሲደርስ ሌተና ኮሎኔል ክሎብ የሚባል መኮንን ቩሌን እንዲተካ ተላከ። ሐምሌ 14 ቀን 1899፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል ዕለት፣ ቩሌ አለቃውን አስገደለው። ከዛ "ከእንግዲህ ፈረንሳዊ አይደለሁም" ብሎ የራሱን ግዛት ሊመሠርት አሰበ። ቀናት ሳይቆጠሩ እሱንም ሻኗንንም የገዛ ቲራየሮቻቸው ገደሏቸው። ማለትም የጦሩን መሪዎች የጣላቸው ያ ሲሸከምላቸው የኖረ ትከሻ ነው። ሜድ ሆንዶ ይሄን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ገና ከመጀመሪያው ካሜራውን ወታደሮቹ ፊት ላይ የሚያቆመው። እነሱ ሲፈሩ፣ ሲያጉረመርሙ፣ ማታ እሳት ዳር ሆነው ስለዚች ሴት በሹክሹክታ ሲያወሩ ያሳየናል። ባንዳ ብሎ አያልፋቸውም። "ያደረጋችሁት ምንም አይደለም" ብሎም አያጥባቸውም። መንደር ሲያቃጥሉ ያሳያል፤ ቀጥሎ የእነዛኑ ሰዎች ዓይን ያሳያል።

የጎረቤቶቿም ነገር እንደዛው ነው። ከሳራውኒያ ጋር ያልቆሙት ገዢዎች በፊልሙ ውስጥ ጅሎች አይደሉም። የቆየ ቂም አላቸው፤ በፊት ሊያስገብሯት ሞክረው መልሳቸዋለች። እምነቷ ከእነሱ እምነት ይለያል፤ "ከሃዲ" ይሏታል። ነጩ ይቺን ቢመታልን ምን ገዶን ይላሉ። ከዛ ነጩ ወደ እነሱም ይመጣል። ይሄን ሒሳብ እኛም እናውቀዋለን። "የጠላቴ ጠላት" የሚለው ሒሳብ መጨረሻው ሁሌ አንድ ነው፤ ግን ሁሌም አዲስ ሰው ያሰላዋል።

እዚህ ላይ ቆሜ ስለ አድዋ ሌላ ነገር አሰብኩ። በ1882 እምባቦ ላይ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለሃይማኖት ተዋግተው፣ ተክለሃይማኖት ተማርከዋል። ከ14 ዓመት በኋላ እኚሁ ንጉሥ ጦራቸውን ይዘው አድዋ ላይ ከማራኪያቸው ጎን ተሰለፉ። ራስ መንገሻ ዮሐንስ የአባታቸው ዙፋን ወደ ሸዋ ስለሄደ ቂም ለመያዝ ከማንም በላይ ምክንያት ነበራቸው፤ እሳቸውም ከራስ አሉላ ጋር መጡ። እኛ ሥዕሉ ላይ የምናየው መሐል ላይ የተቀመጡትን ንጉሠ ነገሥት ነው። ለእኔ ግን ከዛ ሥዕል ውስጥ የሚገርመው ጠርዙ ላይ የቆመው ሰው ሆኗል፤ ላለመምጣት በቂ ምክንያት ኖሮት የመጣው። "ሳራውኒያ" ማለት ይሄ ሰው ያልመጣበት አድዋ ነው። ጀግንነቷ ከእቴጌ ጣይቱ አያንስም። የመቀሌ ምሽግ ውኃ እንዲያዝ ያሰቡት ጣይቱ ናቸው ይባላል፤ ያንን ውኃ ይዞ የሚቆይ ሠራዊት ግን ከየአገሩ መጥቶላቸዋል። ሳራውኒያን የሚያዳምጥ አልነበረም።

ስለዚህ ስለ ንጉሥ የሚሠራ የጦርነት ፊልም ጥሩ የሚሆነው ስለ ንጉሡ ብቻ ሳይሆን ሲቀር ይመስለኛል። ኃይሌ ገሪማ በ1999 "አድዋ"ን በዘጋቢ ፊልም ሲሠራ፣ ገንዘቡ የግድ አስብሎትም ይሁን ዓይኑ፣ ጦር አላሰለፈም። የቤተ ክርስቲያን ዓይነት ሥዕሎችን፣ የሽማግሌ አንደበትን፣ ፉከራና ዘፈንን ነው የያዘው። ፊልሙ ከውጊያው ይልቅ ውጊያው እንዴት እንደሚታወስ ነው የሚያሳየው። የሁለቱ ፊልሞች ዝምድና እዚህ ነው፤ ሁለቱም ድሉ የማን እንደሆነ ሲጠየቁ ጣታቸውን ወደ ዙፋኑ ብቻ አይቀስሩም።

ሰዉ ሁሉ የሚመኘው፣ "በጀት ቢኖር እኮ" እየተባለ የሚወራለት ትልቁ የአድዋ ልቦለድ ፊልም ግን ምን ሊያሳየን ይሆን? ፈረሱን እናውቀዋለን። ነጋሪቱንም። የውጫሌን አንቀጽ 17 ትርጉም ጭቅጭቅ በቃላችን እናውቃለን። እኔ የምጠብቀው ትዕይንት ሌላ ነው፤ ከድሉ በኋላ ያሉት ቀናት።

ያኔ የተማረኩት ጣሊያኖች በአብዛኛው በደህና ተይዘው ኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይሄን በኩራት እናወራዋለን፤ ልንኮራበትም ይገባል። የተማረኩት አስካሪዎች ግን፣ በመቶዎች የሚቆጠሩት፣ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ከሃዲ ተብለው፣ በራሳቸው ወገን ላይ ተኩሰዋል ተብለው። ቅጣቱ በዘመኑ ሕግ የታወቀ ነበር ይባላል። ይሁን። እኔ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ ምኒልክን ልከስም፣ ልከላከልም አልፈልግም፤ ለሁለቱም ሥራ ኮሜንት ላይ በቂ ሰው አለ። የምለው፣ ይሄ ትዕይንት የሌለበት የአድዋ ፊልም ግማሽ ፊልም ነው። ትዕይንቱ ያለበት ፊልም ደግሞ ድሉን አያሳንሰውም። ድሉ የምር ሰዎች የምር ዋጋ የከፈሉበት መሆኑን ያሳያል፤ ከነዚህ ሰዎች ግማሹ በተሳሳተው በኩል የቆሙ፣ የኛው ሰዎች ነበሩ።

ሜድ ሆንዶ ይሄን ለማድረግ ንግሥቲቱን ማሳነስ አላስፈለገውም። ይሄ ነው የፊልሙ ትልቁ ትምህርት፣ ትምህርት ካልን። ሳራውኒያ ገና ሕፃን ሳለች ለአንድ አሳዳጊ ተሰጥታ ቀስት መሳብና ዕፅዋት መለየት ስትማር እናያታለን። ንግሥትነት በፊልሙ ውስጥ ደም አይደለም፣ ሥልጠና ነው። ስታድግም የምትከበረው ሰው ስለሚፈራት ብቻ ሳይሆን ሌሎች ያልቻሉትን አንድ ቃል፣ "እምቢ"ን፣ ስለምትችል ነው። የወራሪው ወታደርም ሰው መሆኑን ማየታችን እምቢታዋን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። እሷ የምትዋጋው ከጭራቅ ጋር ቢሆን ኖሮ ተረት ይሆን ነበር።

ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ማግኘት ትችሉ ይሆናል፤ እኔ ያየሁት ግልባጭ ሰብታይትሉ ከምስሉ ኋላ እየቀረ አንዳንዴ የሞተ ሰው ሲናገር አሳይቶኛል። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ቀስ ይላል፣ ታገሱት። ንግግሮቹ ላይ ከሰለቻችሁም አልፈርድባችሁም። ሰልፉ ሲመጣ ግን ስልካችሁን አስቀምጡና ወታደሮቹን ፊት በፊት እዩዋቸው።

ለዛ ለሥራ ባልደረባዬ ሊንኩን ላክሁለት። ምንም አልጻፍኩበትም፤ "ያን ቀን ስለ ወጡ ያወራሁት ምን እንደምልህ ስላጣሁ ነው" ብዬ መጻፍ ይገባኝ ነበር፣ አልቻልኩም። ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ቡና ስንቀዳ "አየሁት" አለኝ።

"እንዴት ነው?"

"ንግሥቲቱ ጥሩ ናት" አለ። ስኳሩን ጨምሮ አማሰለ። "ወታደሮቹን ግን አሳያቸው።"